ጠቅ ያላለው ቫልቭ

ኡናይሲ ጆሮዋን ያቆመችው ስሟን ሰምታ ሳይሆን ብረቷን ሰምታ ነው። ቅዳሜ ማለዳ ነበር። በሱቫ ከተማ ከናቡዋ ሰፈር ወደቡ ዳር ወዳለው ዋሉ ቤይ የሚወርደው አውቶቡስ በዝናቡ የተነሳ የሸራ መጋረጃዎቹን ሁሉ አውርዶ፣ ሙዚቃውን እስከ ጥግ ከፍቶ ይንገጫገጫል። ከፊቷ ሁለት ወንበር አልፎ የተቀመጠው ዋይሳኬ ግን ከሙዚቃ በላይ ማውራት የሚችል ሰው ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው የሕንፃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሲሆን፣ ሚስጥር ሲናገር እንኳ የሚናገረው ለጉባኤ ነው። «የደረጃውን መደገፊያ ለዚያች ለኢላይቲያ እኅት ሰጠናት» ይለዋል አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው። «ምን ይደረግ፣ ፓስተሩ ወደዳት። ደግነቱ ወንድሟ አጠገቧ ነው። ሴት የበየደችው ቢላቀቅ እሱ መልሶ ይበይደዋል።» ሰውየው ሳቀ። ኡናይሲም ልትናደድ ስትል ሳቋ ቀደማት። ወንድሟ ኢላይቲያ ሠላሳ አንድ ዓመት የመርከብ ጥገና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር እንጂ በያጅ ሆኖ አያውቅም። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ በይዷል፤ ያን ዕለትም የበየደው የውሃ ባልዲውን ከሥራ ጠረጴዛው ጋር ነው። ባልዲው እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ሳቁ ግን እስከ ዋሉ ቤይ አልዘለቀላትም። የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አሥራ አራት ነው፤ ዝናብ የማይለየው ሽበት የወጣበት ድንጋይ ነው፣ ዳርና ዳሩ ባዶ። ባለፈው ወር እናቷ ስድስተኛው ላይ ተንሸራትተው በወገባቸው ወደቁ። አጥንት አልተሰበረም፤ የተሰበረው ልባቸው ነው። ሦስት እሑድ ሙሉ ምንጣፋቸው ላይ ቁጭ ብለው መዝሙሩን ከሬዲዮ እየሰሙ፣ ሂዱ ሲባሉ «የሚያዝ ነገር ሲኖር እሄዳለሁ» ይላሉ። መደገፊያው ነገ ጧት ይባረካል። እሑድ ደግሞ ምስማር መምታት እንኳ ነውር ነውና ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተተክሎ ማደር አለበት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የአውቶቡስ ወንበርና የጀልባ በር ስትበይድ ኖራለች፤ ማንም ዞር ብሎ የማን እጅ ነው አላለም። የነገውን ግን መላው ሰፈር ይጨብጠዋል፤ እናቷም ይጨብጡታል። ብረቱ ካልደረሰ፣ ወይም ደርሶ ከተላቀቀ፣ የዋይሳኬ ቀልድ እውነት ሊሆን ነው።

ጎሚስታና ጀልባ ጠጋኝ መሃል የተሰካው የቆርቆሮ ወርክሾፕ በሩ ተከፍቶ ጠበቃት። ወንድሟ ሁልጊዜ ይቀድማታል። ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ቤት ውሎ ከሚስቱ ጋር ከመተያየት የሰው ማራገቢያና የሻይ ማፍያ ጀበና እየጠገነ ጥጉን ይዞ መዋል ይመርጣል። ኡናይሲ ዝቅ ብላ በፊቱ አለፈች። እሱም ቀና አላለም። ሌላ ሰው ቢያያቸው የተጣሉ ይመስለዋል። በመንደራቸው ደንብ ግን ወንድምና እኅት ከፍ ካሉ በኋላ ፊት ለፊት ቃል አይለዋወጡም፤ ይኼም ክብር ነው እንጂ ጠብ አይደለም። ስለምትከበሪ አላናግርሽም፣ ስለምትከበር አላናግርህም፣ እንደዚህ ተከባብረው አርባ ዓመት ሆናቸው። ለመጨረሻ ጊዜ ሲያናግራት እሷ የሰባት እሱ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ወንዙ ሞልቶ፣ ድልድዩ አንድ የኮኮናት ግንድ፣ እሷ ፈርታ ድርቅ ብላ። «ዓይንሽን ጨፍኝና ትከሻዬን ያዥ፤ ሲያልቅ እነግርሻለሁ» አላት። ተሻገሩና «አለቀ፣ እርገጪ» አላት፤ ረገጠች። ከዚያ ወዲህ እሱ ወደ አጎታቸው ቤት ወንዶቹ ዘንድ ሄዶ ማደር ጀመረ፤ ነገሩም በዚያው ቀረ። አሁን አንድ ቤት ይኖራሉ፣ አንድ ቆርቆሮ ሥር ይውላሉ፣ አንድ ድስት ይበላሉ። በመሃላቸው የምትመላለሰው ኬሌራ ናት፤ ለእሱ ሚስት፣ ለእሷ ዳውቬ፤ የወንድም ሚስትና የባል እኅት እንዲህ ይጠራራሉ። ዳውቬ ለዳውቬዋ ያሻትን መናገር፣ ማላገጥና መሳደብ ትችላለች፤ ኬሌራም ይኼን መብቷን አንድም ቀን ሳትጠቀምበት አድራ አታውቅም።

የብረት ቱቦላሬው ትናንት ተቆርጦ፣ ተሞርዶ፣ በልኩ ተደርድሮ አድሯል። የቀረው ብየዳው ብቻ ነው። ኡናይሲ ማስኳን አጠለቀች፣ የመበየጃውን ምላጭ ሳበች። ገና ሲጀምር ድምፁ አላማራትም። በደህናው ቀን ማሽኑ ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት አንድ ወጥ ሆኖ ይንቸሰቸሳል፤ ዛሬ ግን ጧ ጧ እያለ ይተፋል። ማስኩን አንስታ ስታይ ስፌቱ ጠቁሮ እንደ ማር እንጀራ ተበሳስቷል። የቀለጠ ብረት ጋዝ ካልሸፈነው አየር ይውጣል፤ ሲደርቅም ውስጡ ባዶ ነው፣ ለዓይን ብረት ነው እንጂ ለእጅ አይሆንም። ንፋስ ይሆናል ብላ በሩን ዘጋች። ሞርዳ ደገመች፤ ያው ነው። ቆሻሻ ይሆናል ብላ ብረቱን እስኪያብረቀርቅ ፈተገች፤ ያው ነው። ሽቦው እርጥበት ጠጥቶ ይሆናል ብላ ክንድ ያህል ቆርጣ ጣለች፤ ከፊተኛው የባሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው በእሷ ደረሰ። ጥጉ ላይ የኢላይቲያ መዶሻ ዝም አለ። አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጣል። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። በእነሱ መሃል ጉሮሮ መጥረግ ግማሽ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ቀሪውን ግማሽ የሚጨርሰው ሰው ግን ገና ከገበያ አልተመለሰም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ኬሌራ በአንድ እጇ ጃንጥላ፣ በሌላው በጋዜጣ የተጠቀለለ ሮቲ፣ ድንች የተሞላ ቂጣ፣ ይዛ ገባች። አንዱ ሮቲ ሁለት ዶላር ከሃምሳ ገብቷል፣ ድንቹም ቀንሷል፤ ይኼን ሁሉ ከበሩ ጀምራ ተናገረች።

«ቡላ፣ ሰላም ለዝምተኞች ማኅበር! እንዴት አረፈዳችሁ? ማን ምን አላለም?»

«ኬሌራ» አለ ኢላይቲያ፣ ከእኅቱ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ ሚስቱን ብቻ እያየ። «ማሽኑ ጠቅ አላለም በያት።»

«ዳውቬ፣ ይኼ ሽማግሌ ማሽንሽ ጠቅ አላለም ይላል።»

«ከጧት ጀምሮ ነው ወይ፣ ልብ ብሎ ሰምቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

«ከጧት ጀምሮ ነው ወይ ትልሃለች። ጆሮህ ከእኔ ሌላ ሁሉንም እንደሚሰማ ነግሬያታለሁ።»

«ከመጀመሪያው ነው። ምላጩ ሲሳብ ቫልቩ ጠቅ ማለት አለበት። አንድም ጊዜ አላለም። ጋዙ አልወጣም በያት።»

«አንድም ጊዜ አላለም። ጋዝ የለም። ኧረ ዳውቬ፣ ሰማሽው አይደል? እዚሁ ነው እኮ ያለው! ሃያ ስድስት ዓመት! የስልክ እንጨት ብሆን መንግሥት ቀለም ይቀባኝ ነበር።»

ኡናይሲ ማስኩ ሥር ሳቀች። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላም ከሲሊንደሩ ጀመረች። መለኪያው ላይ መርፌው ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ጋዙ ባለፈው ሳምንት የተሞላ ነው። ምላጩን ስትስብ በመስታወቱ ቱቦ ውስጥ ወደ ላይ መዝለል ያለባት ትንሿ ኳስ ግን ከተኛችበት አልተነሳችም። ጎማውን ከማሽኑ ጀርባ ፈትታ ሲሊንደሩን ቀስ ብላ ስትከፍተው እፍ ብሎ ፊቷን መታት። ስለዚህ ጋዙ ማሽኑ ድረስ ይመጣል፤ ከማሽኑ አይወጣም። በመግቢያና በመውጫው መሃል ያለ ዘበኛ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ማሽኑን ከመብራት ነቀለችና በካቻቢቴ የጎን ክዳኑን መፍታት ጀመረች። ኢላይቲያ ማራገቢያውን ወደ ጎን አደረገ። ሮቲውን እንኳ አልነካም።

ክዳኑ ሲነሳ ኡናይሲ ለአፍታ የሌላ ሰው ማሽን የከፈተች መሰላት። እሷ የምታውቀው ቫልቭ አረንጓዴ ዝገት የበላው ሽማግሌ ነበር። አሁን ያለው እንደ ሠርግ ቀለበት የሚያብረቀርቅ አዲስ ናስ ነው። ሁለቱ ሽቦዎች በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልለዋል፤ የናስትሮው ጫፍ ቀጥሎ የሚፈታው ሰው እንዳይቸገር እንደ ምላስ ታጥፎ ተትቷል። እንዲህ የሚያጥፍ ሰው በሱቫ ከተማ አንድ ነው፤ ከኋላዋ ተቀምጧል። ነገሩ ወለል አለላት። ረቡዕ ዕለት አሮጌው ቫልቭ ምላጩ ከተለቀቀ በኋላ ሲያፏጭ ጋዜን ጨረሰው እያለች ስታጉረመርም ውላለች። እሱ ሰምቷል። ሐሙስ እሷ ቱቦላሬ ልትገዛ ስትሄድ በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ ቀይሮ፣ ክዳኑን መልሶ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ማራገቢያውን ሲጠግን አገኘችው። ዓርብ ሙሉ ስትቆርጥና ስትሞርድ ሳትበይድ ዋለች። ለኬሌራ እንኳ አልነገራትም፤ ለኬሌራ መንገር ለሰፈሩ መንገር ነው።

የብየዳ ሽቦውን ከሚስበው ጥርስ አላቃ ማሽኑን መልሳ ሰካችና ቴስተሩን አነሳች። «ዳውቬ፣ ምላጩን ሳቢልኝ።»

«ይተኩሳል?»

«አይተኩስም።»

«ቢተኩስ ወደ ባሌ ላዙረው ብዬ ነው።» ሳበች።

ሃያ አራት ቮልት። ትእዛዙ ይደርሳል፤ ቫልቩ ግን አይንቀሳቀስም። ኡናይሲ ጎንበስ ብላ በቫልቩ ራስ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት አየች። ቁጥሮቹ ከጉንዳን እግር የቀጠኑ ናቸው። ሁለት መቶ ሃያ ይላል። ሃያ አራት ቮልት ለሚልክ ማሽን ሁለት መቶ ሃያ የሚጠብቅ ቫልቭ! ሠላሳ አንድ ዓመት መርከብ ሙሉ ሽቦ ያዘዘ ሰው! ሳቋ እስከ ጉሮሮዋ መጣ። ለኬሌራ አንዲት ቃል ብትተነፍስ ለዓመት የሚበቃ ጨዋታ ነው። ከዚያ ሳቁ እዚያው ጉሮሮዋ ላይ ደረቀ። ባለፈው ወር ሻዩ ውስጥ ጨው ጨምሮ እስከ ታች ጠጥቶታል። አውቶቡስ ሲመጣ ቁጥሩን አያይም፤ ሰው እስኪሳፈር ጠብቆ ተከትሎ ይጠይቃል። መዝሙር መሪ ሆኖ ሳለ ከፋሲካ ወዲህ መጽሐፉን ከፍቶ አያውቅም፤ ሰው ሁሉ ትጋቱ ነው፣ በቃሉ ያዘው እያለ ያደንቀዋል። ዘወር ብላ አየችው። ፊቱ ወደ እሷ ነበር፤ ዓይኑ ግን በትከሻዋ በኩል አልፎ ግድግዳውን ያያል። ወንድሟ እየታወረ ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ሥር እየዋሉ ሳታውቅ ቀረች። ደንግጣ መዳፏን ቁጥሩ ላይ ከደነች።

«ምን አገኘች?» አለ ኢላይቲያ።

«ምን አገኘሽ?»

«ቫልቩ ከሱቅ ሲመጣ የተበላሸ ነው በይው። የሱቁ ጥፋት ነው።»

«የሱቁ ጥፋት ነው» አለች ኬሌራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትጨምርበት አደረሰች።

«ከሱቅ» አለ ኢላይቲያ ቀስ ብሎ። እኔ ነኝ የገዛሁት አላለም። አንተ ነህ ወይ የገዛኸው አላለችም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቫልቩን ፈትታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጃንጥላውን ከኬሌራ እጅ ነጥቃ ወጣች። አምስት ሰዓት አልፏል፤ ቅዳሜ ሱቁ በሰባት ይዘጋል።

የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ቢምሌሽ ከወፍራም መነጽሩ በላይ አያት። ከራሱ በላይ ግድግዳው ላይ «በመብራት የሚሠራ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተጽፏል፤ ከጽሑፉ ሥር ደግሞ «ሰበብም አይሰማም» ይላል። ቫልቩን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ይኼን ወንድምሽ ነው ሐሙስ የወሰደው። ራሱ ከመደርደሪያው አነሳ። ስንት ቮልት ነው የምትፈልገው ብዬ ብጠይቀው፣ አንተ ሳትወለድ ጀምሮ ሽቦ አውቃለሁ አለኝ። እኔ ከእሱ በአራት ዓመት እበልጣለሁ፤ ግን ደንበኛ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ሃያ አራቱን ስጠኝ ወንድሜ። ይኼን መልሰህ ያዝልኝ።»

«ጽሑፉን አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ሰበብ አላመጣሁም።»

ቢምሌሽ ትንሽ አሰበ። «የቤቴን በር የበየድሽልኝ ስምንት ዓመቱ ነው» አለ። «አምና ሌባ መጥቶ ሌሊቱን ሙሉ ታግሎት፣ መፈልፈያውን ጥሎልኝ ሄዷል። መፈልፈያው ጥሩ ነው፣ እየተጠቀምኩበት ነው። ስለዚህ ለአንቺ ጽሑፉ አይሠራም።» አዲሱ ስልሳ ስምንት ዶላር፣ የተመለሰው ሃምሳ አራት፤ አሥራ አራት ጨመረች። ሊጠቀልልላት ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድምሽን ግን ዓይኑን ይታይ በይው። መደርደሪያውን በእጁ ነበር የሚዳብሰው።»

«ልነግረው አልችልም።»

«እንዴት ሳትችይ?... ኧረ ረስቼው! እናንተ አትነጋገሩም።» ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ተወው። «እኛ ደግሞ ስንነጋገር እንጣላለን» አለ።

ስትመለስ የወርክሾፑ በር ገርበብ ብሏል፤ ከውስጥ የሚመጣው ድምፅ ማይክራፎን የማያስፈልገው ነው። ዋይሳኬ ሥራውን ሊያይ መጥቷል። ኡናይሲ ከቆርቆሮው ጫፍ በሚወርደው ውሃ ሥር ቆመች።

«ይኼ ነው?» ይላል። የተበሳሳውን ቁራጭ ይዞ መሆን አለበት። «እናቶቻችን የሚደገፉት ይኼን ነው? ጣቴን ብሰድበት ይገባል እኮ! እኔ መጀመሪያውኑ ብያለሁ። ሴት ልጅ...»

«ሴት ልጅ ምን?» አለች ኬሌራ። «ጨርሰው። ጨርሰውና ዛሬ ማታ ለሚስትህ ደግሞ እኔ አደርስልሃለሁ፤ ማድረስ ሥራዬ ነው።»

«ቆይ ኬሌራ» አለ ኢላይቲያ። በርጩማው ሲንቋቋ ተሰማ፤ ተነስቷል። «ዋይሳኬ፣ ያን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የእሷ እጅ አንድም ነገር አልጎደለውም። ቫልቩን ሐሙስ እኔ ገዝቼ እኔ ነኝ የቀየርኩት። ሃያ አራት ይፈልጋል፣ ሁለት መቶ ሃያ ገጠምኩበት። የቫልቩ ማሸጊያ ሳጥን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አሁን ነው ኬሌራ ያነበበችልኝ።»

«አንተ? ኤሌክትሪክ ሠራተኛው?»

«ቁጥሩ አልታየኝም። ከፋሲካ ወዲህ ጽሑፍ አይታየኝም። አሁን የአንተም ፊት አይታየኝም፤ በድምፅህ ነው ያወቅሁህ። የጎደለው የእኔ ዓይን ነው። ቀልድህን በእኔ ቀልድ። እሷ አበላሸች ብለህ ለአንድ ሰው ብታወራ ግን ነገ በጉባኤው ፊት ቆሜ ይኼንኑ እናገራለሁ።»

ኡናይሲ ጃንጥላውን ዝቅ አደረገች። ሰባት ወር ከሚስቱ የደበቀውን ነገር ለሰፈሩ ትልቅ አፍ አስረከበው፤ ያስረከበውም ስለ እሷ ብየዳ ነው። እንባዋ ከዝናቡ ጋር ወረደ፤ አልጠረገችውም። ዋይሳኬ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ሰው ተናገረ።

«ታዲያ... ባለፈው እሑድ የመዝሙሩን ቁጥር የጠራኸው?»

«በግምት።»

«ቁጥሩ ሌላ፣ ያዜምከው ሌላ ነበር እኮ!»

«እናንተም ተከተላችሁኝ።»

ኬሌራ ልትስቅ ጀምራ ሳቋ በመሃል ወደ ልቅሶ ዞረባት። «ሰባት ወር!» አለች። «ሰባት ወር ፀጉሬን ተሠርቼ ቆንጆ ነሽ ስትለኝ ሳታየኝ ነው?» «እሱን ሳላይም አውቀዋለሁ» አላት። ኡናይሲ ያን ጊዜ ጮክ ብላ ሳለችና ገባች።

«እንኳን ደህና መጡ ጋሽ ዋይሳኬ» አለች እጇን እየዘረጋች። «ቢላቀቅ ወንድሟ መልሶ ይበይደዋል ሲሉ ጧት አውቶቡስ ላይ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። የበየደው ነገር ያውልዎ፣ ባልዲው። ይሞክሩት፣ እስከ ዛሬ አልተላቀቀም።»

ዋይሳኬ ባልዲውን አየ፣ ጠረጴዛውን አየ። «አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አለ ራሰ በራውን እየዳበሰ፤ ከእሱ አፍ ይኼ ትልቅ ይቅርታ ነው። ከዚያ ኮቱን አውልቆ «ምን ልያዝ?» አለ።

መብራት ያዘላት። ኡናይሲ ሲሊንደሩን ዘጋች፣ ጀርባዋን ለወንድሟ ሰጥታ ጎንበስ አለችና ቫልቩን አስገባች፤ በጎኑ ላይ የተቀረጸችው ቀስት ጋዙ ወደሚሄድበት መዞሯን ሁለት ጊዜ አየች። ጎማዎቹን አጠበቀች። ሽቦዎቹን አገናኝታ በናስትሮ ጠቀለለችና ጫፉን እንደ ምላስ አጥፋ ተወችው። ሲሊንደሩን ከፍታ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና ውሃ ቀባች፤ አንድም አረፋ አልተነሳም። ምላጩን ከመሳቧ በፊት ሳታስበው ትንፋሿን ያዘች። ኬሌራም ያዘች። ዋይሳኬ እንኳ ያዘ።

ጠቅ።

«ኬሌራ» አለ ኢላይቲያ ፊቱ በርቶ፣ «ጠቅ አለ በያት...»

«ሰምታለች! ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል!»

ከዚያ በኋላ ብየዳው ሽንኩርት ዘይት ላይ እንደሚንቸሰቸስ ሆነ። ስፌቱ ተደራርቦ እንደተኛ የዓሣ ቅርፊት ወጣ፤ ዋይሳኬ ጣቱን ሊሰድበት ሞክሮ ተቃጠለ፤ «ሲቀዘቅዝ ነው የሚነካው» አለችው ኬሌራ ሮቲ እያጎረሰችው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ተሞርዶ፣ ቀለም ተቀብቶ አለቀ። ጭነት መኪናውን የዋይሳኬ ወንድም ልጅ አመጣ። ሊጭኑ ሲሉ ዋይሳኬ ብረቱን ከዳር እስከ ዳር በመዳፉ ዳብሶ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። በታችኛው ጫፍ፣ በውስጥ በኩል፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ላይ፣ እንደ ሽምብራ ያለች እብጠት አለች።

«ይቺን ሳትሞርጃት ረሳሽ።»

«ትቆይ» አለች ኡናይሲ። ሌላ አልጨመረችም።

ሲተክሉት ዝናቡ አባራ። የመጨረሻው ብሎን ሲጠብቅ ፀሐይ ከወደቡ ማዶ ተራራው ላይ ቀርታለች፤ ድንጋዩ ረጥቦ ያብለጨልጫል። ኢላይቲያ ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሥር ቆሞ የመዶሻውን ድምፅ ሲያዳምጥ ቆይቷል። ሊወርድ ሲል ኬሌራ ክንዱን ያዘችው። «ተይኝ» አላት፤ «ነገ እናቴ የምትይዘውን እኔ ልሞክረው።» መዳፉን ብረቱ ላይ አሳረፈና ወረደ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስተኛው ላይ፣ እናቱ የወደቁበት ላይ፣ ዘገየ። እየቀነሰ በሄደ ብርሃን ውስጥ እግሩ እየፈለገ፣ እጁ እየመራው ይወርዳል። ኡናይሲ ከታች ተንበርክካ የብሎን ቁልፎቿን ወደ ቦርሳዋ ትሰበስባለች፤ ግን አንዱን ቁልፍ ሦስት ጊዜ አስገብታ ሦስት ጊዜ አወጣችው።

የኢላይቲያ አውራ ጣት እብጠቷን አገኛት። ቆመ። ጣቱ አንዴ አለፈባት፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አለፈባት። ፊቱ ላይ መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ከዚያ አርባ ዓመት ያልታየ የልጅነት ነገር መጣ።

«አለቀ» አለ፤ ለማንም አይደለም። እግሩንም ሳይፈራ አንስቶ መሬቱን ረገጠ።

ከላይ ሆና የምታየው ኬሌራ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ምኑ ነው ያለቀው? ደረጃው ማለቁን በምን አወቅህ?»

«ተነገረኝ።»

«ማን ነገረህ?» ኬሌራ ባሏን አየች፣ ቦርሳዋ ላይ አጎንብሳ የቀረችውን ዳውቬዋን አየች፣ መልሳ ባሏን አየች። «እኔ አልነገርኩህም እኮ!»